ምሳ ልጋብዝ

ለአንድ ማኅበር የሠራሁት ዌብሳይት የመጀመሪያው ዲዛይን አምሮ ነበር። አልዋሽም። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ እጃቸውን የዘረጉ አሮጊት። ከሥራቸው ትልቅ ቀይ በተን፦ «አሁኑኑ ይለግሱ»። አራት ኪሎ አንዲት ካፌ ጥግ ተሰክቼ፣ ስንት ማኪያቶ እንደጠጣሁበት እኔና አስተናጋጁ ነን የምናውቀው።

የማኅበሩ እትዬ ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። አዩት። ዝም አሉ።

«እኚህ ሴትዮ የማን ናቸው?»

«ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት» አልኩ።

«የእኛዎቹ እኮ እዚህ ሲመጡ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ስብሰባው እዚያው ላይ አለቀ።

ማኅበሩን ላስተዋውቃችሁ፤ ስሙ ይቆየን። ፒያሳ ከነበረ አንድ ዕድር የበቀለ ነው። የዕድሩ ሴቶች ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ምሳ ማብላት ጀመሩ፣ ኋላ ፈቃድ አውጥተው ተመዘገቡ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ቤት ለቤት ነበር። እትዬ ያንኳኳሉ፣ ሒሳብ ያዡ ጋሼ ደብተር ይዘው ይከተላሉ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ግን የሚንኳኳ በር ጠፋ። አባላቱ ከተማው ዳር ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ተበታተኑ። ማኅበሩ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ቀጠለ። ዌብሳይት ያስፈለገው ለዚህ ነው። እኔን ያስገባችኝ እናቴ ናት፤ የዕድሩ አባል ነበረች። «የእኔ ልጅ ኮምፒውተር ይችላል» ብላ፣ ሳልጠየቅ አስማምታ መጣች።

አሮጊቷን እንዲህ በቀላሉ አላወረድኳቸውም። ተከራከርኩ። ማስረጃም ነበረኝ። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎውንስታይንና ፖል ስሎቪች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለተሳታፊዎቹ 5 ዶላር ይሰጧቸዋል፣ ከዚያ ላይ የፈለጉትን እንዲለግሱ ይጠይቋቸዋል። ለአንዱ ቡድን ስለ አፍሪካ ረሃብ በሚሊዮን የሚቆጠር አኃዝ ያሳዩታል። ለሌላው የአንዲት የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ፎቶና ታሪክ፤ ሮኪያ ትባላለች። አኃዝ ያየው በአማካይ 1.14 ዶላር ሰጠ። ሮኪያን ያየው 2.38። የሚገርመው፣ ሮኪያንና አኃዙን አንድ ላይ ያየው ወደ 1.43 ወረደ። ስለዚህ አንድ ፊት ያስፈልጋል አልኳቸው። ሪፖርታችሁን ተዉት፣ አንድ ሰው አሳዩ።

ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። «ጥሩ። እና የእኛን ሮኪያ ማንን ልታደርግ ነው?» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ምግብ ቤቱ እያመለከቱ።

ዞር ብዬ አየሁ። አንዷ እናት እንጀራቸውን ሊቆርሱ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሰፈሩ ሲያውቃቸው ባለሙያ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። ድሮ ገንቦ ተሸክመው የሚያውቋቸው ሰዎች በየቴሌግራሙ ሲቀባበሏቸው ታየኝ።

እዚህ አገር ደግሞ ፎቶ የራሱ ጣጣ አለው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ቀርጾት፣ ማይክል በርክ በቢቢሲ ያቀረበው የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቅሷል፤ የመጣው እህል የስንቱን ነፍስ አትርፏል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ግን ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀልድ የተሸከሙት ልጆቻችን ናቸው። እትዬ ጥናት አላነበቡም። የነጠላዋ ነገር ግን ይኼን ሁሉ ይዛለች።

ፎቶው የተገኘው ሌላ ቀን ነው፣ ሽንት ቤት ልሄድ ስወጣ። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ምርኩዝ ተደርድሯል። አንዱ የወይራ፣ ጫፉ በቆርቆሮ የታሰረ። አንዱ የጃንጥላ አጥንት። አንዱ አሉሚኒየም፣ ከሆስፒታል የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። የመጥረጊያ እጀታም አለበት፣ መያዣው ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ቆጠርኩ፣ 19። ውስጥ 19 ሰው ምሳ እየበላ ነው ማለት ነው፤ ማንም ፊቱ ሳይታይ። በስልኬ አነሳሁት። አሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው እሱ ነው። እትዬ ሲያዩት ሳቁ፦ «ይኼ የእማማ ነው፣ ይኼ የእሳቸው…» እያሉ አንድ በአንድ ባለቤቱን ነገሩኝ።

ቀጥሎ በተኑ። አማርኛ ላይ በተን መጻፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «ለግስ» ካልክ ሴቷን ረሳህ። «ለግሺ» ካልክ ወንዱን። «ይለግሱ» ሁሉንም ያከብራል፣ ግን እትዬ እንዳሉት የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። ደግሞ ማነው እቤቱ ሆኖ «ልለግስ» የሚለው? ሰው ያዋጣል፣ ይጋብዛል፣ ይዘክራል። መልሱን የሰጠን አንድ የታክሲ ሹፌር ነው። አልፎ አልፎ መኪናውን አቁሞ ብቅ ይላል። አንገቱን በበሩ አስገብቶ «እትዬ፣ ዛሬ የሁለት ሰው ምሳ ልጋብዝ» አለና ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ሮጠ፤ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። «ምሳ ልጋብዝ»። ወንድ ቢለው ሴት ብትለው ያው ነው። ቀዩን በተን ያን ዕለት ቀየርኩት። 100፣ 500፣ 1000 ብር የሚሉትም ወጡ። አሁን ያለው «ለ1 ሰው»፣ «ለ5 ሰው»፣ «ለሁሉም» ነው። የአንዱን ምሳ ዋጋ ጋሼ ከስልካቸው ይቀይሩታል፤ ስንጀምር 85 ብር ነበር፣ ሽንኩርት ሲወደድ ይወጣል።

በነገራችን ላይ፣ ከውጭ የሚወርዱ ቴምፕሌቶች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የሚመጡ የገጽ ንድፎች፣ አርዕስታቸውን በካፒታል ሌተር ነው የሚያደምቁት። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ያ ሁሉ ድምቀት ሲተረጎም ይጠፋል። መስመሮቹም ይነባበራሉ፣ ፊደላችን ትንፋሽ ይፈልጋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫንኩ፣ በመስመሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት አሰፋሁ፣ ተገላገልኩ።

ክብደቱንም ቀነስኩት። ያ የመጀመሪያው ገጽ 6 ሜጋባይት ነበር። የሰው ፓኬጅ ላይ እንዲህ መቀለድ ነውር ነው።

ክፍያው ላይ ግን ብዙ ተማርኩ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰው እጅ ገብቷል፣ ቻፓ በሚባለው የኦንላይን ክፍያ አገናኝ በኩል ካርድም ቴሌብርም አስገባሁ። ይበቃል ብዬ ነበር። ጋሼ «የባንክ ቁጥሩስ?» አሉ። ምን ያደርጋል አልኩ። ተሳስቼ ነበር። ገሚሱ ሰው ዛሬም የሒሳብ ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ በራሱ የባንክ አፕ ገብቶ፣ ስሙ ሲወጣ አይቶ፣ ከዚያ ይልካል። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አኃዝ ነው። ለዓይን እንዲመች ብዬ አራት አራት አድርጌ ከፋፈልኩት። አማረ። ሦስት ቀን አንድም ብር አልገባም። ለካ ሰው ቁጥሩን ኮፒ ሲያደርግ ክፍተቱም አብሮ ይገለበጣል፤ አፑ ላይ ሲለጥፈው «የተሳሳተ ቁጥር» ይለዋል። ያወቅነው አክስቴ ደውላ ስትቆጣኝ ነው። ክፍተቱን ለዓይን ብቻ ትቼ፣ አንዴ ሲነኩት ደፍኖ ኮፒ የሚያደርግ በተን ሠራሁ።

ከዚያ ስክሪንሹት አለ። የአዲስ አበባ ሰው ብር ልኮ ስክሪንሹት ካላሳየ የላከ አይመስለውም። እኔ ደግሞ የሚያምር የምስጋና ኢሜይል አዘጋጅቼ ነበር፣ በራሱ የሚላክ። ማንም አልከፈተውም። ሰዉ ቀጥ ብሎ ማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ስክሪንሹቱን ይለጥፋል። ጋሼም መጻፍ ስለሚሰለቻቸው ድምፅ ይልካሉ፣ አራት ሴኮንድ፦ «ደርሷል። እግዜር ይስጥልን።» ከኋላ የሳህን ኮሽታ ይሰማል። አንዱ ቀን ግቢው ውስጥ ዶሮ ጮኸ። ኢሜይሉን አጠፋሁት፤ አሁን ከክፍያ በኋላ የሚመጣው ገጽ ወደዚያ ቴሌግራም ነው የሚወስደው።

ስም የሚሞላበትን ቦታም ቢሆን በሰው አገር ልክ ነበር የሰፋሁት። «ሙሉ ስም»፣ ግዴታ። ሰዎች ምን ጻፉበት? «ወለተ ማርያም»። «ገብረ ሥላሴ»። «ለአባቴ ነፍስ»። «አይጠቀስ»። አንዱ «ያው እኔ ነኝ» ብሎ ጽፏል፣ እስካሁን ማን እንደሆነ አናውቅም። ሰዉ የሚሰጠው በክርስትና ስሙ እንዲጸለይለት ነው፤ ወይ ለሞተበት። ስሙን ግዴታ ማድረጉን ተውኩና «ማንን እናስብልዎ?» የሚል ጨመርኩ። ከምግቡ በኋላ እትዬ ዝርዝሩን ያነባሉ፣ አንዱ ሼህ አባት አሚን ይላሉ፣ ሌሎቹ አሜን።

ለሙት ዓመት ቀን ማስያዝም ተጀመረ፤ እዚህ ላይ ነው ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት። ውጭ የምትኖር አንዲት ሴት ለእናቷ መታሰቢያ የሁሉንም ምሳ ልትሸፍን፣ ወሩን 3፣ ቀኑን 12 ብላ ከፈለች። እሷ በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 12 ስትል፣ እኔ ደግሞ ፎርሙን በእኛ አቆጣጠር ሠርቼው 3ኛው ወር ኅዳር ሆነ። ጋሼ ኅዳር 12ን አይተው፣ አለፈ ብለው ለሚቀጥለው ዓመት መዘገቡላት። በቀኑ ሴትየዋ ደወለች። «እናቴን ረሳችኋት?» ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም። በማግስቱ መጋቢት 4 ቀን ምሳው ተሰጠ፣ ስሟ ተነሣ፣ እኔም ሽንኩርት ላጥኩ። አሁን ቀን ሲመረጥ ሁለቱም አቆጣጠር በፊደል ተጽፎ ይወጣል፦ መጋቢት 3፣ ማርች 12።

ውጭ ላሉት ገና መላ እየፈለግን ነው። የመዋጮ ድረ ገጹ ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተቀባይ ገንዘብ አያወጣም፤ የካርድ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕም እዚህ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። አንዲት የቀድሞ የዕድሩ ጎረቤት እዚያ ሰብስባ በባንክ ትልክልናለች። ያው የድሮው ዘዴ ነው።

የሒሳቡን ገጽ ሳልነግራችሁ። አዋጅ 1113/2011 እንዲህ ያለ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያንተ ክፍያ ከሃያው ነው ወይስ ከሰማንያው?» ብለው ነው። በነፃ ነው ስላቸው ደብተሩ ላይ «በነፃ» ብለው መዘገቡኝ። እኔ ይኼን ሁሉ በቀለም የተከፋፈለ ክብ ግራፍ አድርጌ ሳመጣ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። «ልጄ፣ ዕድር ላይ እኮ ደብተሩን ነው የምናነበው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሒሳብ ሹም ነበሩ። ደብተራቸው ባለ ሰማያዊ መስመር ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በርበሬ፣ ከሰል፣ የተሸካሚ 50 ብር። የተሳሳተውን አይፍቁም፣ በአንድ መስመር ይሰርዙታል፤ ከጎኑ ይፈርማሉ። ግራፉን ጣልኩት። በየቅዳሜው የሳምንቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ፣ ከነስርዙ። አንድ ሰው «ረቡዕ ላይ የተሰረዘው 340 ብር ምንድን ነው?» ብሎ ደወለ። ጋሼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። ግማሽ ሰዓት አስረዱት። ሰውየው አሁን በየወሩ ለ5 ሰው ይጋብዛል።

የምርኩዙን ፎቶ በየቀኑ ማንሳት የጀመሩት እትዬ ናቸው፣ ማንም አላዘዛቸውም። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌግራሙ ላይ ይለጥፉታል፣ ምንም ሳይጽፉበት። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያወርድ በዋለበት ቀን፣ ፎቶው በወጣ በሁለተኛው ደቂቃ ያቺ የመጋቢቷ ሴት ጻፈች።

«ዛሬ 18 ነው። ቀይ ጨርቅ ያለው የለም። ደህና ናቸው?»

እትዬ በድምፅ መለሱ፦ «ጭቃው አዳልጧቸው እንዳይወድቁ ብለን ነው የኔ ልጅ። ሳህናቸውን ልጁ ይዞላቸው ሄዷል።»