ማጫወቻዬንና ሊኑክስን እንዴት እንዳስማማኋቸው

በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ከሚገናኘው የዘፈን ማጫወቻዬ ላይ 2 ጊጋ የሚሆን ዘፈን አጥፍቼ ቦታው ግን ያው ሙሉ ነው ይለኛል። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ያው ነው። ጭራሽ ያጠፋኋቸው ዘፈኖች መሃል ላይ ሲዘፍኑ ሰማኋቸው። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሊኑክስ (ላፕቶፔ የሚሰራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ በፋይል ማናጀር የፍላሽ ወይም የማጫወቻ ፋይል ዲሊት ስታደርጉ ፋይሉ አይጠፋም፣ እዛው ዲስኩ ላይ በነጥብ የሚጀምር ትራሽ-1000 የሚባል የተደበቀ ፎልደር ተፈጥሮ እሱ ውስጥ ነው የሚገባው (1000 የተጠቃሚው ቁጥር ነው)። ኮንትሮልና ኤች አንድ ላይ ስትጫኑ ይወጣል። ወይ ትራሹን ባዶ ማድረግ ወይ ከመጀመሪያው ሺፍት ይዞ ዲሊት መጫን ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ ነገሩን ከስሩ ልወቀው ብዬ ተነሳሁ፣ ምክንያቱም ስብስቤን ለዓመታት ነው ያጠራቀምኩት፣ በየጊዜው እየተዘበራረቀ ሲያስቸግረኝ ያናድደኛል።

መጀመሪያ ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የዩኤስቢውን ሞድ (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበትን መንገድ) ከኤምቲፒ ወደ ኤምኤስሲ ቀየርኩት። ኤምቲፒ ላይ ኮምፒውተሩ ዲስኩን በቀጥታ አያየውም፣ ማጫወቻውን እየጠየቀ ነው ፋይል የሚሰጠውና የሚቀበለው፣ እኔ ጋ በጣም ይንቀራፈፍ ነበር፣ መሃል ላይም ይቋረጣል። ኤምኤስሲ ሲሆን እንደማንኛውም ፍላሽ ይከፈታል። ይሄ ምርጫ የሌላቸው ማጫወቻዎች አሉ፣ የናንተ ካለው ግን ቀይሩት።

ቀጥሎ ዘፈን በእጅ እየጎተቱ መገልበጥን ተውኩና አርሲንክ የሚባለውን፣ ሁለት ፎልደሮችን አወዳድሮ የተለየውን ብቻ የሚገለብጥ ፕሮግራም መጠቀም ጀመርኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ዋናው ስብስብ ነው፣ ማጫወቻው ኮፒ ነው፣ ለውጥ ሁሌ ከላፕቶፕ ወደ ማጫወቻ ብቻ ነው የሚሄደው። ግን መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው የሚጠቀመውን ኤ የሚለውን አማራጭ ነበር የሰጠሁት፣ እና የባለቤትነት መብቱን መቀየር አልቻልኩም የሚል ኤረር መዓት ይደረድርልኛል፣ የማጫወቻው ዲስክ ፋይል የሚያስቀምጥበት ስርዓት ፋት32 የሚባለው ስለሆነ የፋይል ባለቤት ምናምን የሚባል ነገር አያውቅም። እሺ ይሁን፣ ከሱ ይልቅ የገረመኝ ምንም ሳልቀይር ደግሜ ሳስኬደው ግማሽ ያህሉን ዘፈን እንደ አዲስ መገልበጡ ነው። ለምን ግማሹን ብቻ? ፋት32 ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት የሚመዘግበው በ2 ሰከንድ እርምጃ ነው፣ ስለዚህ ሰከንዱ ጎዶሎ ቁጥር የሆነ ፋይል ሁሉ ማጫወቻው ላይ ሲደርስ በ1 ሰከንድ ይለያል፣ አርሲንክም ተቀይሯል ብሎ ይገለብጠዋል። ይሄን ያወቅኩ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሞዲፋይ-ዊንዶው የሚለውን አማራጭ 1 አርጎ መስጠት በቂ ነው (የ1 ሰከንድ ልዩነትን ችላ በል ማለት ነው)፣ በኤ ፋንታ ደግሞ አር እና ቲ ብቻ (ፎልደሮቹን ከነውስጣቸውና ከነሰዓታቸው ገልብጥ ማለት ነው)። አሁን 3 አዲስ ዘፈን ከጨመርኩ 3ቱን ብቻ ገልብጦ ወዲያው ይጨርሳል።

አንድ ከባድ ስህተት ግን ሰርቻለሁ። ዲሊት የሚለውን አማራጭ ጨምሬ መድረሻውን የማጫወቻው የሙዚቃ ፎልደር በማድረግ ፈንታ የማጫወቻውን ዋና ስር (ሁሉም ፎልደሮች ያሉበትን) አደረግኩት። አርሲንክ የታዘዘውን ነው የሚሰራው፣ ላፕቶፑ ላይ የሌለውን ሁሉ ጠረገው፣ በማጫወቻው ማይክ የቀዳኋቸው የድምፅ ቅጂዎች የነበሩበትን ፎልደር ጭምር። እነሱ ሌላ ኮፒ አልነበራቸውም። ወዲያው ምንም ሳልጽፍበት ነቀልኩትና ፎቶሬክ በሚባለው የጠፋ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም ፈለግኩ (ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ የድምፅ ፋይልም ያወጣል)፣ ብዙውን አገኘሁት፣ የፋይል ስም ግን አይመልስም፣ እያንዳንዱን እየከፈትኩ እያዳመጥኩ ነው ስም የሰጠሁት። አሁን ሁሌ በመጀመሪያ ኤን የሚለውን አማራጭ ጨምሬ አስኬደዋለሁ፣ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይነግረኛል፣ ዝርዝሩን አንብቤ ነው የምለቀው። የቅጂዎቹን ፎልደር ደግሞ በየጊዜው ወደ ላፕቶፕ አወጣለሁ።

ሌላው የዘፈን ቅደም ተከተል ነው። የአልበሙ 7ኛ ዘፈን ከ2ኛው ቀድሞ ይመጣል፣ ፋይሎቹን 01 02 እያልኩ ብሰይማቸውም ለውጥ የለም። የኔ ማጫወቻ ስም አያይም ማለት ነው፣ ፋይሎቹ የፎልደሩ የፋይል ዝርዝር ላይ በተጻፉበት ተራ ነው የሚያጫውተው፣ በኋላ የጨመራችሁት ዘፈን ደግሞ ወይ መጨረሻ ላይ ወይ የጠፋ ፋይል በለቀቀው ቦታ ይገባል። ፋትሶርት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ዝርዝሩን በስም ትደረድረዋለች፣ ዘፈኖቹን እራሳቸውን ስለማትነካ ፈጣን ናት። ዲስኩ ግን አንማውንት መሆን (ገመዱ ሳይነቀል ከሲስተሙ መላቀቅ) አለበት።

አንማውንት ካልን፣ ኮፒው አለቀ ሲል አላለቀም። ሊኑክስ ዳታውን ራም ላይ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚጽፈው፣ እኔ አለቀ ብዬ ስነቅል ዘፈኖች መሃል ላይ እየተቆረጡብኝ ለረጅም ጊዜ ፋይሎቹ የተበላሹ ይመስለኝ ነበር። ሲንክ የሚለውን ኮማንድ ጽፎ እስኪመለስ መጠበቅ፣ ከዛ አንማውንት። ቀድሞ ተነቅሎ ከሆነ ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ቪፋት የሚለውን ዲስክ መርምሮ የሚያስተካክል ኮማንድ አንዴ ማስኬድ ጥሩ ነው።

ታግ ላይ ደግሞ (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የአርቲስትና የዘፈን ስም)፣ ማጫወቻዬ አይዲ3 የሚባለውን የታግ አጻጻፍ ስሪት 2.4 አያነብም፣ አርቲስቱ አይታወቅም ይለኛል። ፒካርድ በሚባለው ታግ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ 2.3 ብሎ እንዲጽፍ አድርጌ ሁሉንም እንደገና ሴቭ ሳደርግ ተስተካከለ። የአማርኛ ስሞቹ ግን አሁንም ሳጥን ሳጥን ሆነው ነው የሚታዩት፣ ማጫወቻው ውስጥ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ታግ በመቀየር የሚፈታ አይደለም። ዋናው ስብስብ ላይ አማርኛውን እንዳለ ትቼ ለማጫወቻው ብቻ በላቲን ፊደል የተጻፈ ታግ ያለው ሌላ ፎልደር አዘጋጅቻለሁ፣ አርሲንክም የሚገለብጠው ከሱ ነው።