ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፍልሰተኛ ቢራቢሮ አቆጣጠር

የቢራቢሮ ፍልሰት ለማየት ብዙ ሰው የሚያስበው እንጦጦ አናት ላይ መውጣትን ነው። እኔ አልመክርም። የበርካታ ዝርያ ወንዶች ሴት ሊጠብቁ ኮረብታ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እዚያው እየተባረሩ ስለሚዞሩ አንዱን ደጋግሞ መቁጠር አይቀርም። ስለዚህ ከጋራው ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ርቄ እቆማለሁ።

ሁለት እንጨት በ15 ሜትር ርቀት እተክላለሁ። መስመሩ የበረራውን አቅጣጫ ማቋረጥ አለበት፤ ወደ ደቡብ የሚያልፉ ከሆነ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ጠዋት ከምሥራቁ ጫፍ ወደ ምዕራብ አያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ እዛወራለሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ቀለም አይለይም። 5 ደቂቃ ቆጥሬ 10 ደቂቃ አርፋለሁ። በ5 ደቂቃ 10 ካለፉ በሰዓት 120፣ በየሜትሩ 8 ማለት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መሄድ ትርፉ ብርድ ነው፤ ክንፋቸው ፀሐይ ሳይሞቅ አይነሡም።

ከባዱ ሥራ መንገደኛውን ከነዋሪው መለየት ነው። መንገደኛ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቤት ወይም አጥር ሲገጥመው አይዞረውም፣ ከላዩ ያልፋል። አበባ ላበባ የሚዞረውን አልቆጥርም፤ መንገደኛም እኮ አደይ አበባ ላይ ያርፋል፣ ግን ሲነሣ ያንኑ አቅጣጫ ይይዛል። እስኪሰወር በዓይን ተከትዬ የተሰወረበትን አቅጣጫ በኮምፓስ እለካለሁ፤ ስልክ አጠገቡ ካለ መርፌውን ያዛባል። እንጨቱ ጫፍ ላይ ጨርቅ ማሰርም ግድ ነው፤ ያለዚያ ነፋስ የገፋውን ፍልሰተኛ ብሎ መመዝገብ ይመጣል።

ዋናው እንግዳ ቫኔሳ ካርዱዪ ነው፦ ብርቱካናማ፣ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። በመጸው ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ የዓመቱን ዙር ግን የሚፈጽመው አንድ ቢራቢሮ ሳይሆን ተከታታይ ትውልድ ነው። ስለዚህ ጥቂቱን በመረብ ይዤ ክንፉን አያለሁ። የነጣና ጠርዙ የተበላ ከሆነ ብዙ በሯል፤ ደማቅ ከሆነ ገና መውጣቱ ነው፣ ምናልባትም እዚሁ።

ያንን ለማረጋገጥ እንቁላሉን የሚጥልበትን ኮሸሽላ እፈትሻለሁ። የቆዳ ጓንትና አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። እንቁላሉ አረንጓዴ ነው፣ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፣ ከላይ ወደ ታች የተሰመረ፤ አንድ በአንድ ነው የሚጣለው። አባጨጓሬው ደግሞ ቅጠሉን በድር አጥፎ ውስጡ ይደበቃል። ድሩ ባዶ ሆኖ ጥቁር ኩስ ብቻ ከቀረበት ለብቻው እመዘግበዋለሁ፤ አድጎ ይውጣ ወይ ተበልቶ ይሁን ከድሩ አይታወቅም።