ሎክ ብዬው ያልቆለፈው ሃብ

ጂንካ ስሠራ የምነዳው ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ነበር። ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር። ያንን ሞተር ማንም አይጠረጥረውም፣ እኔም አልጠረጠርኩትም። ጉድ የሠራኝ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያለው፣ በመዳፍ የሚሸፈን ክብ ነገር ነው። ሃብ የምንለው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልንገረው። ሃቡ ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል ተጽፏል፤ ወርደህ በእጅህ ታዞረዋለህ። ፍሪ ላይ ሲሆን ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፤ ሰሚያሱ፣ ማለት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ እና ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ የሚያከፋፍለው የፊቱ ዲፈረንሻል ያርፋሉ። ሎክ ስትለው ጎማውና ሰሚያሱ ይያያዛሉ። ነገሩ ቀላል ስለሆነ ነው መሰለኝ ሁሉም የሚረሳው።

ሚያዝያ ላይ ነው። ከማጎ ፓርክ ወደ ጂንካ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። የዚያን አገር ዋልካ ያየ ያውቀዋል። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና። ወርጄ ሁለቱንም ሃብ ሎክ አልኩ፣ ፎር ሎው፣ ማለት አራቱንም ጎማ በከባድ ማርሽ የሚያዞረውን፣ አስገባሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁት። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን ይቆፍራሉ። የፊቶቹ ንቅንቅ የለም። ከኋላ የተቀመጡት የጤና ባለሙያዎች «ፎር ዊል አይደል እንዴ ይሄ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ፀፀ ዝንቡ ደግሞ በሸሚዝ ላይ ነው የሚነክሰው።

አንዱ መሪ ይዞ ነዳጅ እንዲሰጥ አደረግኩና ራቅ ብዬ አጎንብሼ አየሁ። ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ይዞራል። ስለዚህ ማርሹ ገብቷል። ዘንጉ እየዞረ ጎማ ካልዞረ ችግሩ ሃብ ጋ ነው። የግራው መዞሪያ ሎክ ላይ ቆሟል፣ ውስጡ ግን አልያዘም። የቀኙ ደህና ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው! ዲፈረንሻል ጉልበቱን የሚሰጠው ለቀለለው ወገን ነው። የግራው ሰሚያስ ባዶውን ሲሽከረከር የቀኙ ጎማ ተቆልፎም ቁጭ ብሎ ያያል። አንድ ሃብ ከሌለህ የፊት ጉልበት ጨርሶ የለህም ማለት ነው።

አንዳንዴ የሃቡ የውስጥ ጥርሶች ፊት ለፊት ተጋጥመው ይሆናል፤ መኪናው ትንሽ ሲነቃነቅ ጠቅ ብሎ ይገባል። ሞከርን። እምቢ። አራት ሰዓት ሙሉ በአካፋ፣ በቅርንጫፍና በድንጋይ ተጫወትን።

በማግስቱ ጂንካ ላይ ፈታሁት። ክዳኑን የያዙት ስድስት ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው። ሲከፈት ውስጡ እንደ ቆየ ቅቤ በጠጠረ ግራሶ ጢም ብሏል፤ ከግራሶው ውስጥ ደግሞ ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ። ከወራት በፊት ኩሽኔታ የቀየረልን ሰው ለመኪናው አዝኖ ነው፣ ሃቡንም አብሮ ሞልቶታል። የማዘን ጉዳይ አይደለም። ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ቀለበት ወደ ጥርሱ የሚገፋው ጉልበቱ ትንሽ የሆነ አንድ ቀጭን ሞላ ነው። በወፍራም ግራሶ ውስጥ ያ ሞላ ምን አቅም አለው? ኩሽኔታ ግራሶ ይጠግባል። ሃብ ግን በጣት ቀባ ቀባ ይበቃዋል።

ውሃው ደግሞ ከወንዝ የመጣ ነው። ብዙ ተነድቶ የጋለ ሃብ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ባረጀው ጎሚኒ በኩል ውሃውን ይስበዋል። ሃቡ እስኪበርድ ወንዝ ዳር ሻይ መጠጣት ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መፍታቱን ያስተማሩኝ አንድ የመንገድ ሥራ ሹፌር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የሰሚያሱን ጫፍ የያዘውን ክሊፕ ታወጣለህ። ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ባለ 8 ቡሎን አስገብተህ ሰሚያሱን ወደ ውጭ ስትስበው ክሊፑ ይላላል። ጨርቅ ካልጋረድክበት ግን ይፈነጠራል። እኔ ሣር ውስጥ ግማሽ ቀን ፈልጌዋለሁ። ከዚያ ስድስቱ ዳዶዎች። ከሥራቸው እንደ ሾጣጣ ቆብ ያሉ ሮንዴላዎች አሉ፤ በቀላሉ አይወጡም። እኔ ጩቤ የሚያህል ካቻቢቴ ይዤ ስጠጋ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ። ዳዶውን አላላው እንጂ አታውጣው። በናስ ነካ ነካ አድርገው፣ ራሱ ይመጣልሃል።»

መጣ። ዳዶው ጫፍ ላይ መቆየቱ ጥርሱ እንዳይደፈጠጥ ነው። ሁሉንም በናፍጣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በስሱ ቀባሁ። ጓርኒሲዮኑን፣ ማለት በክዳኑ ሥር የሚገባውን ማሸጊያ፣ ከወፍራም ወረቀት ቆረጥኩ። ክዳኑ ሲመለስ መዞሪያው ፍሪ ላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አይገጥምም። በክሪክ አንስቼ ጎማውን በእጅ አዞርኩት። ፍሪ ላይ ሰሚያሱ ዝም፣ ሎክ ላይ አብሮ ይዞራል።

ሹፌሮች የማይስማሙበት ነገር አለ፦ ሃቡ ሁልጊዜ ይቆለፍ ወይስ አይቆለፍ? እኔ ክረምት ገጠር ከሆንኩ ቆልፌው ነው የምከርመው። ማርሹ ቱ ሃይ ላይ፣ ማለት በኋላ ጎማ ብቻ፣ እስካለ ድረስ የሚጎዳው ትንሽ ነዳጅ ነው። መኪና የሚሰብረው ሌላ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ሃይ አስገብቶ በአራቱም ጎማ መንዳት። በጋ አዲስ አበባ ሲሆን ደግሞ በወር አንድ ቀን ቆልፌ እነዳዋለሁ፤ የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይቱ እንዲዳረስ።

አሁን ስላለው ፋሽን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ማሻሻል ሲል አውቶማቲክ ማድረግ ይመስለዋል። እኔ ያሻሻልኩት ወደ ኋላ ሄጄ ነው። በኋላ የደረሰኝ ፒክአፕ ሃቡ አውቶማቲክ ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ይቆልፋል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስትል ይፈታል። አስፋልት ዳር ጥሩ ነው። ጭቃ ውስጥ ግን መኪና የሚወጣው ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ነው፤ ወደ ኋላ ባልኩ ቁጥር ይለቀኛል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ በእጅ የሚዞር ሃብ ገዛሁ። ቤት ሳደርሰው አልገባም። የሰሚያሱን ጥርስ ሳልቆጥር ነው የገዛሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። በሁለተኛው ቀን ቆጥሬ፣ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ሃሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። አርተር ዋርን የሚባል አሜሪካዊ ሲያትል ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተረፉ ጂፖች የሃብ ሥራ የጀመረው በ1948 ነው፤ በፈረንጆቹ።

ዛሬ ዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ የክብሪት ቤት አለ። ባለቤቴ መኪናውን ስታጸዳ ልትጥለው ነበር። ከፍታ ብታይ ሁለት ክሊፕና ሦስት ሾጣጣ ሮንዴላ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ማጎን አይታው ስለማታውቅ አልፈረድኩባትም።