ለእጅ የሚስማማ ሪሊዝ

ሚኒሶታ የሚኖር አንድ ወንድሜ "የትኛውን ሪሊዝ ልግዛ?" ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ ስለረዘመ እዚህ ላውጣው ብዬ ነው። ደጋን ለጀመራችሁ ሌሎቻችሁም ይጠቅማል፤ በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚያወራ ሰው ብዙ አላገኘሁም።

ሁለት ዓመት ያህል የቀኝ እጄ አንጓ ላይ ቀይ መስመር አይጠፋም ነበር። ነርስ ነኝ። ሥራ ቦታ ጓንት ሳወልቅ የሚያዩኝ ሁሉ "ምን ነካሽ?" ይሉኛል። "ደጋን ነው" እላለሁ። ሕመም ያለበት ነገር ነውና እለምደዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ልክ አልነበረም። መሣሪያው አልሆነኝም ነበር፣ በቃ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ሪሊዝ ማለት የደጋኑን ገመድ በጣታችን ፋንታ የሚይዝልን፣ እንደ ጠመንጃ ምላጩን ስንነካው ደግሞ የሚለቅልን ትንሽ መሣሪያ ነው። ገመዱ ላይ ዲ ሉፕ የሚባል ትንሽ ቀለበት ታስሯል፤ የሪሊዙ መንጠቆ እሱን ነው የሚይዘው። የእኔ ደጋን ኮምፓውንድ የሚባለው ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ካም የሚባል የሚሽከረከር ጎማ አለው። ሚዙሪ ውስጥ ሆሌስ ዊልበር አለን የሚባል ሰው ፈጥሮት እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ያገኘበት ነው። ሲሳብ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ካሙ ይዞርና ሸክሙ ይቀላል። የእኔ 45 ፓውንድ ነው። 80 በመቶው ስለሚቀንስ፣ ስቤ ከጨረስኩ በኋላ የምይዘው 9 ፓውንድ ብቻ ነው። ግን እዚያ እስክደርስ ድረስ ያው 45ቱ ፓውንድ፣ 20 ኪሎ ገደማ፣ በሪሊዙ በኩል እጄ ላይ ይንጠለጠላል። በአንድ ምሽት 60 ቀስት ብወረውር 60 ጊዜ 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ምቾት ስል ቅንጦት እንዳይመስላችሁ።

ልጄ አንድ ቀን "እማዬ፣ አንቺ ለምንድን ነው በመንጠቆ የምትስቢው?" አለኝ። እሱ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኬንታኪ ውስጥ የተጀመረ የትምህርት ቤቶች የቀስት ፕሮግራም አለ፤ እዚያ ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀላል ደጋን ይዘው፣ ያለ ማነጣጠሪያና ያለ ሪሊዝ፣ በጣታቸው ብቻ ከ10 እና ከ15 ሜትር ይወረውራሉ። ጥያቄው ደስ አለኝ። የእኔ ደጋን አጭር ስለሆነ ሲሳብ ገመዱ ሹል ማዕዘን ይሠራና ጣቶቼን እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል። ደግሞ ገመድ ከሦስት ጣት ላይ ተንሸራቶ ሲወጣ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ሪሊዝ ግን ከአንድ ነጥብ ላይ ነው የሚለቀው። ቤት ውስጥ ከ18 ሜትር ስንወዳደር የኮምፓውንድ 10 ነጥብ ክብ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ያን ለማግኘት አለቃቀቁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የመጀመሪያ ሪሊዜ በማሰሪያ አንጓ ላይ የሚታሰረውና በሌባ ጣት የሚሳበው ዓይነት ነበር። ሻጩ "ሁሉም በዚህ ነው የሚጀምረው፣ ሁሉንም እጅ ይሆናል" አለኝ። የእኔን አልሆነም። አንጓዬ ቀጭን ነው፤ ዘለበቱን መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ባስገባውም ይላላል። ስስብ ማሰሪያው ወደ መዳፌ ይንሸራተትና አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። ከሃያ ቀስት በኋላ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይደነዝዛሉ። እጄ እንጀራዬ ነው፤ በማግስቱ ደም ሥር ፈልጌ መርፌ የማስገባው በእሱ ነው። ፈራሁ።

ሌላም ችግር አመጣ፤ ይሄኛውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ማሰሪያው ወደ ፊት ሲንሸራተት የሪሊዙ ጭንቅላትም አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ምላጩ ከጣቴ ይርቃል። ያን ጊዜ በጣቴ ጫፍ ነው የምደርስበት። የጣት ጫፍ ደግሞ ቀስ ብሎ መጫን አይችልም፣ ነጠቅ ነው የሚያደርገው። የማነጣጠሪያው ነጥብ ዒላማው መሃል ሲገባ ጣቴ "አሁን!" ብሎ ይነጥቃል፣ ቀስቷ ወደ ግራ ትሄዳለች። እኔ ግን ለወራት የማነጣጠር ችግር ነው ብዬ ማነጣጠሪያውን ወዲያና ወዲህ ሳዞር ከረምኩ።

የረዳኝ ወስፌ ነው። ቤት ውስጥ የነበረ ወስፌ አንስቼ ቆዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩበት። ማሰሪያው አንጓዬ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በትንሿ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ብሎኑን ፈትቼ የሪሊዙን አንገት አሳጠርኩት፤ ምላጩ ከጣቴ ጫፍ ወጥቶ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አረፈ። ጣት ምላጩ ላይ ተጠምጥሞ ሲቀመጥና ክንድ ሲስብ፣ መነጠቁ በጣም ይቀንሳል። አሁን በማሰሪያ ሪሊዝ የምትጠቀሙ ከሆነ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን አስተካክሉ። ዘለበት ያለውን ምረጡ። ቬልክሮ ያለው በየቀኑ የተለያየ ቦታ ላይ ነው የሚጣበቀው፤ አንድ ቀን ጠበቅ፣ አንድ ቀን ላላ ካለ ርዝመቱም አብሮ ይለዋወጣል። ለአደን የምትወጡ ደግሞ የቬልክሮ ድምፅ አጋዘኑን ያባርርባችኋል።

ታዲያ ማሰሪያ ወደሌለው፣ በእጅ ወደሚያዘው ሪሊዝ ለምን ቀየርኩ? በ12 ሰዓት ፈረቃ ምክንያት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ስወጣ እጄ ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ቀዳዳ ማታ ያንቃል። ይህን ለአንድ በዕድሜ ገፋ ላሉ ሰው፣ ልምምድ ቦታ ለማገኛቸው፣ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ሳጥናቸውን ከፈቱ። አምስት ሪሊዝ ተደርድሯል። ከሳጥኑ ጥግ አንድ ቁራጭ ገመድ አወጡ፣ ጫፍና ጫፉ ታስሮ ትልቅ ቀለበት የሆነ፣ ርዝመቱ ከእኔ ስበት ጋር እንዲመጣጠን ቋጠሮውን አስተካከሉልኝ። ገመዱን በግራ እጄ ደጋን እንደምይዘው ያዝኩት፣ በቀኜ ሪሊዙን። "ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳቢ፤ የት እንዳመመሽ ብቻ ንገሪኝ" አሉኝ።

እስካሁን ሪሊዝ ስለ መምረጥ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ሱቅ ውስጥ በእጅ ይዞ "ደስ ይላል" ማለት ምንም አይነግራችሁም፤ ሁሉም ሪሊዝ ሳይሳብ ምቹ ነው። በገመድ ሲሳብና ጭነት ሲመጣበት ነው የሚናገረው። የመጀመሪያው ባለ አራት ጣት ነበር፣ ትልቅ። ትንሿ ጣቴ እሱን ለመድረስ ስትንጠራራ እጄ ጠመም አለ፣ አንጓዬ ተወጠረ። ሁለተኛው ባለ ሦስት ጣት ሆኖም ጠርዙ የቀለበት ጣቴን ቆረጠው። ሦስተኛው፣ ባለ ሦስት ጣት፣ ትንሹ መጠን። ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ። ቆየሁ። የሚያመኝ ቦታ ፈለግኩ፣ አጣሁ። መያዣው የጣቶቼ መሃለኛ መታጠፊያ ላይ ተቀምጧል፣ መዳፌ ውስጥ አልተቀበረም። የእጄ ጀርባ ቀጥ ብሏል። አንጓዬ ልክ ከባድ ዘንቢል አንጠልጥሎ እንደሚሄድ ሰው ተለቅቋል። እኔ ምቾት የምለው ይሄን ነው።

ይሄኛው ቁልፉ በአውራ ጣት ሲጫን የሚለቅ ዓይነት ነው። እዚህም ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ አውራ ጣትን በጫፉ ቁልፉ ላይ ማሳረፍ። ቁልፉ ይዞራል፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይሄዳል። አውራ ጣታችሁ ሥር ጠጋ አድርጉትና ጣቱ ይጠምጠምበት። ስፕሪንጉንም መጀመሪያ ጠንከር አድርጉት። ስስ ከሆነ አውራ ጣት ለመንካት ይፈራል፣ ከዚያ ፈርቶ ፈርቶ ይነጥቃል። ጠንካራ ከሆነ በልበ ሙሉነት ታሳርፉበታላችሁ፤ ጀርባችሁ መሳቡን ሲቀጥል ራሱ ይለቃል።

ሂንጅ የሚባለው ደግሞ ምላጭም ቁልፍም የለውም፣ እጅ በትንሹ ሲዞር ነው የሚለቀው። መነጠቅ ለያዛቸው ሰዎች መድኃኒት ነው ይላሉ፣ እኔም ለልምምድ እወደዋለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። እየሳባችሁ ሳለ እጃችሁ ቢዞር ገመዱ መሃል መንገድ ላይ ያመልጥና የገዛ እጃችሁ አፋችሁን ይመታችኋል። ሞክሩ ከተባላችሁ መጀመሪያ በዚያው በገመድ ቀለበት፣ ከዚያ ዒላማው አጠገብ ቆማችሁ ሞክሩ። ማንኛውንም ሪሊዝ ደግሞ ቀስት በሌለው ደጋን ላይ ለቅቃችሁ እንዳትሞክሩ። ኃይሉን የምትወስድ ቀስት ከሌለች ኃይሉ ሁሉ ደጋኑ ላይ ይመለሳል፣ ይሰበራል፣ ሰውም ይጎዳል።

ስለ ብረቱ ብዙ ይወራል። ነሐሱ ከበድ ይላል፣ እጅ ውስጥ ይረጋል። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው። እኔ ነሐሱን ወደድኩት፤ ክረምት ላይ ግን እጅ ላይ በረዶ ነው፣ ኪስ ውስጥ አሙቁት።

ከቀየራችሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ነጥባችሁ ቢወርድ አትደንግጡ። በእጅ የሚያዘው ሪሊዝ መንጋጋ ላይ የሚያርፈው በሌላ መንገድ ነው፤ እኔ አሁን የሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ አንጓዎች መካከል የመንጋጋ አጥንቴን አስገባለሁ። ገመዱ ፊቴ ላይ የሚነካበት ቦታ ስለተቀየረ የስበቱን ርዝመትና ገመዱ ላይ ያለችውን ማያ ቀዳዳ እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ። ይህን ሳያደርጉ "ሪሊዙ አልሆነኝም" ብለው የሚመልሱ አሉ፣ ያሳዝነኛል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቀላል የማሰሪያ ሪሊዝ በ50 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ በእጅ የሚያዙት ጥሩዎቹ 200 ዶላርን ያልፋሉ። ሪሊዝ ከሚሠሩት ካርተር፣ ስታን፣ ትሩ ቦል፣ ስኮት፣ ሁሉም ሥራቸውን ያውቃሉ። ስለዚህ ስም አትከተል፣ መጠን ጠይቅ። የምትሞክረውም ቀስት በምትወረውርበት ሰዓት ይሁን። ከሥራ መልስ የምትለማመድ ከሆነ ከሥራ መልስ ሂድና ሞክር፣ ማታ ያለህ እጅ የቅዳሜ ጠዋቱ እጅህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ኮምፓውንድ በድብልቅ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባል። ልጄ ከአሁኑ ቀን እየቆጠረ ነው፣ እኔም አብሬው።

በል ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለት ሜትር ገመድ ግዛና ቋጥር። የእጅህን ስፋትና የስበትህን ርዝመት ላክልኝ። ቅዳሜ ፈረቃ የለኝም፣ ደውልልኝና እየሳብክ እናወራለን።