ሰሙ ያልገባኝ ዘፈን

ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ ማታ

ከጮቄ በኩል የመጣው ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድብ አመሸ። እማዬ ተኝታለች። እኔ በኮምፒውተር «ብሩክሊን» የተባለውን የ2015 (እ.ኤ.አ.) ፊልም አይቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ፊልሙ በ1950ዎቹ ከአየርላንድ ትንሽ ከተማ ተነሥታ ኒውዮርክ ለሥራ ስለሄደች አይሊሽ ስለምትባል ልጅ ነው። የፍቅሩን ታሪክ እተወዋለሁ፤ እኔን የያዘኝ የገናው ምሳ ነው።

አይሊሽ በገና ቀን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለተቸገሩ የአገሯ ሽማግሌዎች ምግብ ታድላለች። የአሜሪካን ዋሻና ድልድይ የሠሩት እነርሱ ናቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ቢመለሱም የሚጠብቃቸው የለም። ምሳው ሲያበቃ አንዱ ተነሥቶ፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በአየርላንድ ቋንቋ ያንጎራጉራል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ባየሁት ቅጂ የግጥሙ ትርጉም አልተጻፈም። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ሰሙ ሳይገባኝ ወርቁ ደረሰኝ። እማዬ ጥጥ ስትፈትል ለራሷ የምታንጎራጉረው ዜማ እንዲሁ ነው፤ ለማንም አይባልም፣ ሁላችንንም ያስለቅሳል።

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት። የሄደች ዕለት አውቶቡሱ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ እስኪወርድ ድረስ በስልክ አብረን ነበርን። እሑድ እሑድ ስትደውል ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለምነኛለች፦ «እታለም፣ ስልኩን እማዬ አጠገብ አስቀምጪልኝ። ምንም አታውሩኝ።»

እኔ ግን አልሰማትም። ሳምንቱን ሙሉ ጠብቀን እንዴት ዝም እንባባላለን እያልሁ ስልኩን እወስድና የጤፉን ዋጋ፣ የጎረቤቱን ሠርግ፣ የታመመውን፣ የተሻለውን እዘረግፍላታለሁ። «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ዛሬ ከሰዓትም እንዲሁ አደረግሁ። እንዲያውም «ገንዘብሽን በዝምታ አትጨርሺ» ብዬ ተቆጣኋት።

አሠሪዎቿ ስሟን እንኳ ለአፋቸው በሚቀል ስም ቀይረውባታል። ከንጋት እስከ ሌሊት በሰው ቋንቋ ትጠራለች፣ በሰው ቋንቋ ትታዘዛለች። እነዚያ ሽማግሌዎች ምግቡን በልተው ጨርሰው ነበር፤ ፊታቸው የተለወጠው ግን ዘፈኑ ሲጀመር ነው። እኔ ለእህቴ ወሬ ስሰጣት ኖርሁ፤ እርሷ የለመነችኝ የእናቷን ድምፅ ነው፤ ለእርሷ ተብሎ ያልተዘጋጀውን፣ እቤት እያለች እንደ ዋዛ ትሰማው የነበረውን።

አሁን መልእክት ጻፍሁላት፦ «ሲመችሽ ደውዪ። እማዬ እንዝርቷን ትይዛለች። እኔ ዝም እላለሁ።»