የቦይንግ ቦርድ ምን ይጠይቅ ነበር?

ስለ ኢቲ 302 ስናነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው የቦይንግ 737 ማክስን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች ስለሚገፋው ሥርዓት፣ ስለ ኤምካስ ነው፤ ስለ ሶፍትዌሩ፣ ስለ ሴንሰሩ፣ አብራሪዎቹ ስላልተነገራቸው ነገር። መወራትም አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው አልቋል። እኔ ግን ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት እኛ ዘንድ ብዙም ስላልተወራለት ሌላ ክስ ነው። የተከሰሱት የቦይንግ የቦርድ አባላት፣ የከሰሱት ደግሞ የራሱ የቦይንግ ባለአክሲዮኖች ናቸው።

ከሳሾቹን የመሩት የኒውዮርክ ግዛት የጡረታ ፈንድና የኮሎራዶ የእሳት አደጋና የፖሊስ ሠራተኞች የጡረታ ማኅበር ነበሩ። ክሱ የታየው ደላዌር በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ነው፤ ቦይንግ እንደ ብዙዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሕግ የተመዘገበው እዚያ ስለሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ባለአክሲዮን በሁለት መንገድ ይከሳል። አንደኛው "ውሸት ነግራችሁኝ አክሲዮኑን በተጋነነ ዋጋ ገዛሁ" የሚል ነው። ሲያሸንፍ ገንዘቡ ለራሱ ነው። ሁለተኛው ግን በኩባንያው ስም፣ ኩባንያውን በሚመሩት ሰዎች ላይ የሚቀርብ ነው፤ "በቸልተኝነታችሁ ኩባንያችንን ጎዳችሁት፣ ለኩባንያው ክፈሉ" ይላል። የደላዌሩ ክስ ይሄኛው ነው።

እና ይህ ዓይነቱ ክስ ለከሳሽ ዳገት ነው። ዳይሬክተር የተሳሳተ ውሳኔ ስለወሰነ ብቻ አይጠየቅም። ብዙ ኩባንያዎች ደግሞ በመመሥረቻ ሰነዳቸው ዳይሬክተሮቻቸውን ከቸልተኝነት ክፍያ ነፃ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. ኬርማርክ ከተባለው የ1996ቱ የደላዌር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ ከሳሽ ማሳየት ያለበት ቦርዱ በቅን ልቦና አለመሥራቱን ነው፤ ወይ ምንም የመቆጣጠሪያ ሥርዓት አላበጀም፣ ወይ የአደጋ ምልክት እያየ ዝም ብሏል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ክሶች ገና በር ላይ ውድቅ ይሆኑ ነበር።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በአይስክሬም ነው። ብሉ ቤል የሚባለው የቴክሳስ ኩባንያ ምርት በሊስቴሪያ ባክቴሪያ ተበክሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት ሰው ሞተ። ኩባንያው የሚሸጠው አይስክሬም ብቻ ነው፤ ቦርዱ ግን የምግብ ደኅንነትን የሚከታተል ኮሚቴም ሆነ ቋሚ የሪፖርት ሥርዓት አልነበረውም ተብሎ ተከሰሰ። የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ክሱ ይቀጥል አለ። የኛ አውሮፕላን ከወደቀ ገና ሦስት ወሩ ነበር።

የቦይንግ ከሳሾች በዚሁ መንገድ ሄዱ። መጀመሪያ ግን የባለአክሲዮንነት መብታቸውን ተጠቅመው የኩባንያውን ሰነድ ጠየቁ፤ ከ600 ሺህ ገጽ በላይ አገኙ። ዳኛ ሞርጋን ዙርን መስከረም 2021 እ.ኤ.አ. በሰጡት ውሳኔ ላይ የሠፈረውን ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት። አውሮፕላን የሚሠራ ኩባንያ ቦርድ የበረራ ደኅንነትን የሚከታተል አንድም ኮሚቴ አልነበረውም። በመደበኛ አጀንዳም አይነጋገርበትም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ ነገሩ የታየው እንደ ስም ማስጠበቅ ጉዳይ ነው። በዚያ ጊዜ አንድ የቦርድ አባል "ይሄን አውሮፕላን መሬት ላይ እናቁመው ወይ?" ብሎ አጥብቆ ቢጠይቅ ኖሮ ብዬ ማሰብ አላቆምኩም። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ከአራት ወር በላይ ነበር እኮ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ምስክር ተሰምቶ የተረጋገጠ አይደለም። ዳኛዋ በክሱ የቀረበውን እንደ እውነት ወስደው "ይቀጥል" ነው ያሉት። ወደ ሙግት ሳይገባ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ 237.5 ሚሊዮን ዶላር። ከፋዮቹ የዳይሬክተሮቹ መድን ሰጪዎች፣ ተቀባዩ ራሱ ቦይንግ። ለተጎጂ ቤተሰብ ከዚህ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልሄደም፤ የእነሱ የካሳ ክስ ሌላ ነው። የቦርድ አባላቱም ከኪሳቸው አልከፈሉም። በሂሳብ ማጭበርበር በወደቁት በኤንሮንና በወርልድኮም ጊዜ የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆኑ ዳይሬክተሮች ከግል ሀብታቸው ሚሊዮኖች ከፍለው ነበር፤ ያ ግን ዛሬም ብርቅ ነው። በስምምነቱ የደኅንነት ልምድ ያላቸው ዳይሬክተሮች ቦርዱ ውስጥ እንዲኖሩና ሠራተኞች ስጋታቸውን የሚያሰሙበት ቢሮ እንዲቋቋም መደረጉን ከገንዘቡ የበለጠ አከብረዋለሁ።

የመጀመሪያው ዓይነት፣ "ውሸት ነግራችሁኝ" የሚለው ክስም መልኩ ተለውጧል። ድሮ መነሻው የሂሳብ ማጭበርበር ነበር። አሁን አደጋ ሲደርስ፣ ዳታ ሲሰረቅ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጋነነ ወሬ ሲጋለጥ አክሲዮኑ ይወርዳል፤ ክሱ ወዲያው ይከተላል። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2019ም፣ የአላስካ ኤርላይንስ አውሮፕላን አካል አየር ላይ ከተገነጠለ በኋላ በ2024ም በባለሀብቶች ተከሷል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባለሀብቶችን አሳስታችኋል ብሎ ኩባንያውን 200 ሚሊዮን፣ የቀድሞ ሥራ አስፈጻሚውን ዴኒስ ሙይለንበርግን 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል። ሁለቱም ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም ነው የተስማሙት።

እኛም አገር የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀምሯል፣ አዳዲስ ባለአክሲዮኖች እየበዙ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ክርክሩ የትርፍ ክፍፍልና የቦርድ ምርጫ ላይ ሲያልቅ ያሳስበኛል። ባንክ ከሆነ ትልልቆቹን ብድሮች ቦርዱ ውስጥ ማን ይከታተላል? ሲስተሙ ቢሰበርስ በስንት ሰዓት ይነገራቸዋል? መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ይቻላል።

ደላዌር ራሷ ግን ወደ ኋላ ተመልሳለች። መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ ባለአክሲዮን ሊያይ የሚችለውን ሰነድ በአብዛኛው ቃለ ጉባኤንና ለቦርዱ የቀረቡ ጽሑፎችን በመሳሰሉት ላይ ወሰነችው። ኢሜይል ማግኘት ከባድ ሆኗል። በቦይንግ ጉዳይ ደኅንነት አጀንዳ እንዳልነበረ ያሳየው ቃለ ጉባኤው ነው፤ ያ አሁንም ይገኛል። ሰዎቹ ከአደጋው በኋላ እርስ በርስ ምን ሲጻጻፉ እንደነበር የታወቀው ግን በኢሜይሎቻቸው ነበር።