ደቂቃው በስንት ነው?

ዛሬ ማታ ከፋኝ ልበል ደከመኝ፣ እኔም አልለየሁትም። ጠረጴዛው በፖስታና በፎርም ተሞልቷል። የትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት የንባብ ማራቶን ደርሷል፤ አስተባባሪዋ ደግሞ እኔው ነኝ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ዝም ማለት እንደማልችል መቼም ታውቃላችሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ልጅ ሁለት ሳምንት ያነባል። ዘመድና ጎረቤት ለእያንዳንዱ ደቂቃ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ማታ ማታ ወላጅ ደቂቃውን ጽፎ ይፈርማል። በመጨረሻ ተባዝቶ ይሰበሰብና ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ይገዛበታል። በቀን 20 ደቂቃ ለ14 ቀን ያነበበ ልጅ 280 ደቂቃ አለው። በደቂቃ 10 ሳንቲም ያለ ሰው 28 ዶላር ይከፍላል። ጋሼ ግን "ሳንቲምማ ያሳፍራል" ብለው አንድ ዶላር አሉ። ዛሬ ደውዬ ሂሳቡን ስነግራቸው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

"እንዴ! ይቺ ልጅ ከአይፓዷ ላይ መቼ ተነስታ ነው?"

ቃል መግባትማ የኛን የአሜሪካዋን ሲልቨር ስፕሪንግ ማን ይችላታል! የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ላይ ለአንድ ጃንጥላ ስንት እንደሚጠራ አይታችኋል። ስም በማይክ ይነገራል፣ እልልታው ይቀልጣል። ከእልልታው በኋላ ያለውን ገንዘብ ያዡን ጠይቁት። የኛ ፎርም ላይ ግን ማይክ የለ፣ እልልታ የለ። ለንባብ ማን እልል ይላል?

ይል ነበር እኮ። ድሮ ልጅ ዳዊት ሲጨርስ ድግስ ይደገስለት ነበር። ጠላው ይጠመቃል፣ የኔታም ይከበራሉ። ደቂቃ የቆጠረ ግን የለም። አባባ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ በዱላ እየመለሱ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው ደጅ ይቆማሉ። እንጀራ የምትሰጠው ሴት ዛሬ ስንት ምዕራፍ አነበብክ ብላ አትጠይቅም። እንጀራዋ ቅኔ ይሁን ድጓ ምን እንደሚያስተምር ላታውቅም ትችላለች። አባባ አርጅተውም ዳዊታቸውን አልተዉም። ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ እንዲህ እያሉ ቅዳሜ 150ውን ይዘጋሉ። ፎርም ላይ ፈርሚ ቢሉኝ ኖሮ ስንት ደቂቃ ብዬ እሞላው ነበር? ግማሹን እኮ በቃላቸው ነው የሚወርዱት፤ ገጹን የሚገልጡት ለወጉ ነው።

እኔ የሳቸው ልጅ ሆኜ ማንበብ የጀመርኩት በደመወዝ ነው። እትዬ ልጃቸው ጅዳ ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ይጠሩኛል። ዳር ዳሩ ቀይና ሰማያዊ የሆነውን ፖስታ ቴምብሩ እንዳይቀደድ በቢላ ጫፍ ቀስ ብለው ይከፍቱታል። ወረቀቱን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ይሰጡኛል። "ከሀገሬና ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" የምትለዋን ደጋግመው ያስነብቡኛል። ገንዘቡ በእገሌ እጅ ተልኳል የሚለው ላይ ስደርስ እንኳ "ቆይ፣ ከላይ ጀምሪ" ይላሉ። ሲበቃቸው አንድ ስኒ ቆሎ በቀሚሴ ጫፍ ይገለብጡልኛል። ኑግ ያለበት፣ ሞቅ ያለ ቆሎ።

ከዚያ የጎረቤቱን ልጅ ይጠሩና ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ያስነብቡታል። ለሱም አንድ ስኒ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እሰማዋለሁ። እሱ ቸኳይ ስለሆነ መስመር ይዘላል፣ ያልገባውንም ከራሱ ይጨምራል። አንዴ እኔ "አሞኝ ነበር" ብዬ ያነበብኩትን እሱ "አምሮኝ ነበር" አለው። እትዬ ሁለታችንንም አዩን፣ ምንም አላሉም፣ ደብዳቤውን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ማንኛችንን አምነው ይሆን ያን ቀን የተኙት?